አመድ የሆነው የጥርስ ሐኪም

አጎቴ መጽሐፍ ጠራዥ ነበር። መጽሐፍ የሚያከራዩ ሱቆች ገጻቸው የረገፈ ልብ ወለዶች ያመጡለታል፤ እሱ ደግሞ አብረው የታጠፉትን ወረቀቶች እጥፍ በእጥፍ ፈትቶ፣ እንደገና ሰፍቶ፣ አዲስ ልባስ ያለብሳቸዋል። ደስ ያለውን ለራሱ ያነባል።

አንድ ቀን ከሰዓት ሚስቱ ደወለችልኝ።

«ና እስቲ አጎትህን እየው» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «የሞተና ያልሞተ መለየት አቅቶታል።»

አያቴ በስተርጅናው እኔን በሟች ወንድሙ ስም ይጠራኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ እኛ ቤት አንድ ሰው ቁልፉን የት እንዳስቀመጠ ሲጠፋው ሁሉም ዝም ይላል።

አጎቴን ጠረጴዛው ላይ አጎንብሶ አገኘሁት። የሚያነበው ጥላ የሌላት መርማሪ ግድያ ስለምታጣራበት ከተማ የተጻፈ ተከታታይ ልብ ወለድ ነው። ጎረቤቶቿ ሲመሽ ተኩላ የሚሆን ታክሲ ነጂ፣ ደም የሚመጥ የጥርስ ሐኪምና መቃብር የሰለቻቸው ጡረተኞች ናቸው።

«ይሄ ሐኪም ተቃጥሎ አመድ ሆኗል» አለኝ። «አመዱን መርማሪዋ ራሷ ጠርጋዋለች። አሁን ደግሞ ቁጭ ብሎ ጥርስ ይነቅላል። እሷም ደህና ዋልክ ትለዋለች።»

«ድሮስ ውሎዋ ከሙታን ጋር አይደል?» አለች ሚስቱ ከበሩ። «ይነሳላ።»

«አመድ የሆነ አይነሳም። ሕግ አለው፤ መጀመሪያ ላይ ተብሏል።»

«የቱ ጋ?»

ገለበጠ፣ አገላበጠ፣ አላገኘውም። ዓይኗ ዓይኔን ሲፈልግ ጣሪያውን አየሁ።

መጽሐፉን ተቀብዬ ማንበብ ጀመርኩ። ልብ ወለድ እንዴት እንደሚነበብ ዩኒቨርሲቲ ለዓመታት ተምሬያለሁ፤ አልረዳኝም። አመዱ ይጠረጋል፤ ገጹን ስገልጥ ሐኪሙ ታካሚውን አፍህን ክፈት ይላል። የገጹ ቁጥር አልተዛነፈም። መርማሪዋ ቅድም ያሰረችውን ገዳይ እንደ አዲስ ታስሳለች።

«ደራሲው ሆን ብሎ ይሆናል» አልኩ። «ጊዜውን እያዞረው።»

«ምሁሩም ጠፋበት» አለ አጎቴ፤ ደስ ያለው መሰለኝ።

ገና ያላነበበው ቀዳሚው ቅጽ እዚያው አጠገቡ ነበር። አንስቼ ገለጥኩት። መሐሉ ላይ መርማሪዋ የሐኪሙን አመድ በብልቃጥ ይዛ ወደ ወንዝ ትሄዳለች፤ በዚያ ቅጽ ግን ሐኪሙ ገና አልተቃጠለም። ሁለቱን ጎን ለጎን ዘረጋኋቸው። ልካቸው አንድ፣ ወረቀታቸው አንድ። የአንዱ እጥፍ ሌላው ውስጥ ተሰፍቷል፤ በተመሳሳይ ቦታ ስለተለዋወጡ የገጹ ቁጥርም ገጥሟል። ስንት ሰው ተከራይቶ ያነበባቸው፣ ልባሳቸው ሲላቀቅ የመጡ መጻሕፍት ናቸው። ማንም አላጉረመረመም፤ መናፍስት ባሉበት ሰፈር ማን ይጠረጥራል?

«እሰይ» አለች ሚስቱ። «የዞረበት መጽሐፉ ነው እንጂ አንተ ደህና ነህ።»

«ማነው እንዲህ የጠረዘው?» አጎቴ ተቆጣ። የመጽሐፉን ጀርባ ገልጦ ክሩን ፈለገ። ጫፉ ላይ ያለውን ቋጠሮ በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። እንደ አጎቴ የሚቋጥር ሌላ ጠራዥ አላውቅም።

ሁለተኛውንም መጽሐፍ አንስቶ ቋጠሮውን ዳሰሰው።

«ሁለት መጽሐፍ ባንዴ አልፈታም» አለ በመጨረሻ። «አንዱን ሳልጨርስ ሌላውን አልነካም። መቼ ነው እንዲህ ያደረግሁት?»

ሚስቱ ክንዴን ይዛ ወደ ጓዳ ወሰደችኝ።

«ደህና ነው አይደል?»

«ሲያነብ ያመለጠው ነገር የለም፣ እትዬ። እኛን ነው ያመለጠን።»

«እሱን አልጠየቅኩህም።»

ሲያነብ አለመሳቱም፣ ሲሰፋ መሳቱም ሁለቱም እውነት ነው፤ የቱ እንደሚበልጥ ግን አላውቅም ነበር፤ አሁንም አላውቅም።

አጎቴ ጠራኝ። ክሩን በጥሶ የሁለቱንም ቅጽ እጥፎች ፈቷል። ጠረጴዛውን ልጆቹ እንኳ እንዲነኩት የማይፈቅድ ሰው ወንበር ሳበልኝና የአንደኛውን መጽሐፍ እጥፎች በሙሉ እቅፌ ላይ ከመረልኝ።

«እነዚህን ያዝልኝ» አለ። «ይሄኛውን ሰፍቼ እስክጨርስ እንዳትሰጠኝ። ብለምንህም።»

መርፌውን አንስቶ ክር አስገባ። እኔ ወረቀቶቹን አቅፌ ተቀመጥኩ።