ትንሽ አሟታል

ከብልባላ የአንድ ሰዓት መንገድ ርቃ ባለችው መንደር፣ ኔትወርክ የሚገኘው በይማርሽ ጓሮ ከወይራው ሥር ብቻ ነው። ሸለቆው ሁሉ ደንቁሮ አንዲት ዛፍ ብቻ መስማቷ እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ይማርሽ ስልኳን በፌስታል ጠቅልላ ቅርንጫፉ ላይ ታንጠለጥላለች፤ ሲጮኽ ጨውና ሳሙና የምትሸጥበትን መደብ ትታ ትሮጣለች። ከኩልመስክ ተድራ የመጣች፣ ልጅ ያልወለደች፣ ከአራተኛ ክፍል ያቋረጠች ሴት ናት። የዩኒቨርሲቲ ደጃፍ ረግጣ አታውቅም። የመንደሩ ተማሪ ግን እሷን ሳይሰናበት አይሄድም።

ስንብቱ ፈተና አለው። ደጇ ላይ አቁማ የስልክ ቁጥሯን በቃል ታስወጣቸዋለች።

“ስልኬ ላይ መዝግቤዋለሁ እኮ፣ እትዬ” አለቻት ባንቺዓለም አምና ዩኒቨርሲቲ ልትሄድ ስትል።

“ስልክ ይጠፋል። በይ ከመጀመሪያው።”

የባንቺዓለም አባት አያ ደግሰው ሳቀ። “መሪጌታ ይማርሽ፣ ዳዊት የደገመችን ልጅ በዐሥር ቁጥር ታስጨንቂያት?”

“አንተ ዝም በል። የራስህን ዕድሜ እንኳ በቃልህ አታውቅም።”

ባንቺዓለም ሦስት ጊዜ ደገመችው።

ዘንድሮ ሚያዝያ፣ ሩቅ አገር ባለው የዩኒቨርሲቲ ግቢ የሴቶቹ ማደሪያ በእሳት ተያያዘ። ወሬው ሲደርስ እዚያ የሚማሩት የአምስቱ ልጆች ወላጆች ጓሮው ውስጥ ተኮለኮሉ። የልጆቹ ስልክ ተቃጥሎ ስለነበር ከሰው እየተዋሱ፣ በቃላቸው የያዙትን ቁጥር መቱ። ይማርሽ “ደህና ናት” አትልም፤ ስልኩን ለእናትየው ትሰጣለች። በሰው አፍ የመጣ ደኅንነት እኛ አገር አይታመንም። ሞት በስልክ አይነገርም፤ “ትንሽ አሟታል” ይባላል፣ ከዚያ ሽማግሌ ተሰብስቦ ጎህ ሲቀድ ያረዳል።

እስከ ረፋዱ የአራቱ ድምፅ ተሰማ። የባንቺዓለም ቀረ።

አምስተኛዋ ደዋይ የማትታወቅ ልጅ ነበረች። ጓደኛዋ ነኝ፣ ነጅሚያ እባላለሁ አለች፤ ታለቅሳለች። “ባንቺዓለም ትንሽ አሟታል። ሐኪም ቤት ናት። አባቷ ቶሎ ይምጣ።” መስመሩ ተቋረጠ። ይማርሽ መልሳ ስትደውል ይጠራል፣ የሚያነሳው የለም።

“ምን አሉ?” አለ ደግሰው። ዱላውን ጨብጧል።

“ትንሽ አሟታል አሉ።”

“እንግዲያ ልሂድ። የላሊበላውን መኪና ከደረስኩበት ነገ ማታ እዚያ ነኝ።”

“ብቻህን አትሄድም። ነገ ከሰው ጋር።”

ዱላውን ከእጁ ወሰደችበት። ከዚያ የመንደሩ ሽማግሌ መሪጌታ ተክለ ሚካኤል ቤት ሄዳ የሰማችውን ነገረቻቸው። አዛውንቱ ልጅቱ ያለችውን ቃል በቃል ሁለቴ አስደገሟት።

“በቃ” አሉ። “ነገሩ አልቋል።”

በማግሥቱ ጎህ ሲቀድ ለደግሰውና ለሚስቱ መርዶ ተነገራቸው። ድንኳን ተተከለ። ደግሰው መሬት ላይ ሊፈጠፈጥ ሲል ሁለት ጎረምሶች ወገቡን ይዘውት ዋሉ።

በልቅሶው ሁለተኛ ቀን ስልኩ ጮኸ። ነጅሚያ ነበረች። አሁን አታለቅስም።

“አባቷ ለምን አልመጣም?”

ይማርሽ አልገባትም።

“ከፎቅ ዘላ ነው የተጎዳችው። ሁለት ቀን ሙሉ በሩን በሩን ስታይ ነበር። ዛሬ ጠዋት ዐረፈች።”

“ልጄ፣ እኛ እኮ እንዲያ ስትዪን…”

“እውነቱን ነው የነገርኳችሁ። ቁጥሩን ከአልጋዋ ላይ ሆና በቃሏ ያስጻፈችኝ እሷ ናት። ከየት ያገኘሁት መስሏችሁ ነበር?”

ነጅሚያ አስከሬኑን ይዛ ነገ እንደምትደርስ ነግራት ዘጋች። ቁልቁል የተዘራው ገብስ ነፋስ ሲነካው ይተኛል፣ ይነሣል። ይማርሽ ስልኩን በፌስታሉ ጠቅልላ ወደ ድንኳኑ ወረደች። ደግሰው ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀላት።

“ስለ አስከሬኑ ደወሉ?”

“አዎ። ነገ ይደርሳል። ነጅሚያ የምትባል ጓደኛዋ ይዛት ትመጣለች።”

አንገቱን ነቀነቀ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ “ያኔውኑ ነው አይደል? አልቆየችም?” አለ።

“ያኔውኑ ነው።”

“ተመስገን” አለ ደግሰው። ከተረዳ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ውኃ ለመነ። ይማርሽ ተነሥታ ቀዳችለት። ነጅሚያ እስክትደርስ ለይማርሽ የቀራት አንድ ሌሊት ነበር።