ኪቦርድ በትዝታ አይፈተንም

ጎንደር ላይ ኪቦርድ ሊገዛ የገባ ሰው ሁሉ የሚሠራው አንድ ነገር ነው። ሱቁ ውስጥ ይቆማል፣ ጣቶቹን ያፍታታል፣ ከዚያ ትዝታ ይጫወታል። ሻጩ ራሱን እየነቀነቀ ያዳምጣል፣ አላፊ አግዳሚው በር ላይ ቆም ይላል፣ ገዢውም «ድምፁ ሸጋ ነው» ብሎ ይከፍላል። እኔም እንደዚሁ አድርጌ ነው የተሸወድኩት። አሁን ግን በዚህ ጉዳይ ማንም ቢጠይቀኝ አፌን ሞልቼ እናገራለሁ።

ሥራዬ ልብስ ስፌት ነው። ቁስቋም ከቤቴ አንዷን ክፍል ለስፌት አድርጌ ለሙሽራም ለሚዜም የሀገር ልብስ እሰፋለሁ። ሙዚቃ የተማርኩት ሁለተኛ ደረጃ ሳለሁ በትምህርት ቤቱ ክበብ ነው፤ አርባ ልጅ ለአንድ ኪቦርድ። ተራዬ ደርሶ ከመቀመጤ ደወል ይደወል ስለነበር ብዙ አልተማርኩም። ጆሮ ግን አለኝ። እሱን ያገኘሁት ከክበቡ ሳይሆን ከአክስቴ ነው።

አክስቴ የእናቴ ታላቅ እህት ናት። ከጠዳ አለፍ ብሎ፣ ወደ እንፍራንዝ በሚወስደው መንገድ፣ ገጠር ትኖራለች። በዚያ አካባቢ ሠርግ ተደግሶ እሷ ሳትጠራ የቀረችበት ቀን የለም። የሠርግ ዘፈን አውራጅና ተቀባይ አለው፤ አውራጇ ግጥሙን ትለዋለች፣ ሌላው እያጨበጨበ ይቀበላታል። አክስቴ አውራጅ ናት። ተቀባይ ሆና አይቻት አላውቅም። ሌላ ሴት ስታወርድ እጇን አጣጥፋ ትቀመጣለች እንጂ አፏን አትከፍትም። ኩራተኛ ናት፤ ኩራቱም ይገባታል።

አንገቷ ላይ ከልጅነቷ ጀምሮ እንቅርት አለ። እንደ ጌጥ ለምዳው ስትኖር፣ ባለፈው ክረምት አደገና ጋደም ስትል ያፍናት ጀመር። ወደ እኔ መጣች፤ ሆስፒታል ወሰድኳት። ሐኪሙ ከመረመራት በኋላ በሦስት ሳምንት ውስጥ ቀዶ ጥገና እንደሚያስፈልጋት ነገረን።

«እማማ፣ ለድምፅ የሚያገለግለው ነርቭ በዚሁ አጠገብ ያልፋል። እንጠነቀቃለን፤ ግን ድምፅዎ እንደ ድሮው ይሆናል ብዬ ቃል አልገባም» አላት።

«ከጥር በኋላ ይሁንልኝ» አለች።

«ጥር ድረስ አይቆይም።»

የጥር ነገር ምን እንደሆነ እኔ አውቃለሁ። የመጨረሻ ልጇ የምትዳረው በጥር ነው። ባጃጅ ውስጥ ገብተን ወደ ቤት ስንመለስ ነጠላዋን እስከ አገጯ ሳበችና «አራቱን ሴቶች ልጆቼን አውርጄ ሸኘኋቸው፤ ይቺን በዝምታ ልሸኛት ነው?» አለችኝ። አክስቴ ስታለቅስ አይቼ አላውቅም፤ ያን ቀንም አላለቀሰችም። እኔ ግን እዚያው ባጃጁ ውስጥ ወሰንኩ። ድምፅዋን ከቢላው በፊት እቀዳዋለሁ፣ በሠርጉም ዕለት ራሷ ታወርዳለች።

በስልክ ብቻ ቀድቼ ሞክሬ ነበር። ለብቻው ሲሰማ መልካም ነው፤ ድንኳን ውስጥ በትልቅ ድምፅ ማጉያ ሲለቀቅ ግን እንደሚቀጥን አውቃለሁ። ከሥር የሚይዘው ምትና ዜማ ያስፈልገዋል። ላፕቶፕ አለኝ፤ የጎደለኝ ኪቦርድ ነው፣ ያውም በእኔ አቅም የሚገኝ። ሰፈራችን ውስጥ ሠርግ ለሠርግ እየዞረ ኪቦርድ የሚጫወት ጎረቤት ስላለ አማከርኩት። «ሪትሙ ብዙ የሆነውን ውሰጂ፤ ሌላው ወሬ ነው» አለኝ። ወሬው የእሱ ነበር።

ፒያሳ ወጣሁና አንድ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ገባሁ። ሻጩ ፈጣን ወጣት ነው፤ ገና ሳልቀመጥ አንድ የሚያብረቀርቅ ኪቦርድ ፊቴ ዘረጋልኝ። ቁልፍ ሲነኩት መብራት የሚያበራ፣ ሦስት መቶ ሪትም ያለው፣ የወፍ ጩኸትና የባቡር ድምፅ ሳይቀር የሚያሰማ። እኔ ጨርቅ በጣቴ ዳብሼ ክሩን የምለይ ሴት፣ በጨርቅ ቢመጣብኝ ያን ሁሉ ብልጭልጭ ሻጩ ላይ እወረውረው ነበር። ግን ቸኩያለሁ። ትዝታ ተጫወትኩ። አማረ። እኔም ከፈልኩ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት ይኸው ነው።

ቤት ስደርስ አክስቴን አስቀመጥኳትና «በይ ጀምሪ» አልኳት። እሷ ደግሞ ለሙሽራ መሸኛ የምትዘፍነው በአንቺሆዬ ቅኝት ነው።

መንገዱም ቅርብ ነው፣ ቤቱም ቅርብ ነበር፤
እናቷን የያዘች በምን ትሻገር።

ተከትያት ገባሁ። ሦስተኛዋ ቃል ላይ እሷ ወደ አንድ ቦታ፣ ኪቦርዱ ወደ ሌላ ቦታ ሄዱ። የምትፈልገው ድምፅ በሁለት ቁልፍ መሃል ነው ያለው። አንዱን ብነካ ከፍ ይላል፣ ሌላውን ብነካ ይወርዳል። ትዝታን ማንኛውም ኪቦርድ ይጫወተዋል፤ ስለዚህ በትዝታ የተፈተነ ኪቦርድ አልተፈተነም ማለት ነው። አንቺሆዬ ግን፣ እንደ አክስቴ ያለ ሰው ሲዘፍነው፣ ለፋብሪካ ቁልፍ አይገዛም። ይኼን ያወቅኩት ከከፈልኩ በኋላ መሆኑ ነው የሚያናድደኝ።

«ምነው ይኼ ነገር ያጣምማል?» አለች።

ጥፋቴን ላለማመን «እስኪ አንቺ ትንሽ ከፍ በይለት» አልኳት።

ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ። «ልብስ ስትሰፊ የምትቆርጪው ልብሱን ነው ወይስ ሰውየውን?»

በማግስቱ ኪቦርዱን ከነካርቶኑ፣ አክስቴንም ከነኩራቷ ይዤ ፒያሳ ተመለስኩ። ሻጩ ገና ሲያየኝ በጣቱ ግድግዳውን አሳየኝ። የተሸጠ ዕቃ አይመለስም የሚል ወረቀት ተለጥፏል።

«ማንበብ እችላለሁ» አልኩት። «የመጣሁት ለመለወጥ ነው። በዚህ መደርደሪያ ላይ ካለው ውስጥ ከዚች ሴት ጋር የሚስማማውን አምጣልኝ።»

«እህቴ፣ ኪቦርድ እኮ ሁሉም አንድ ነው።»

ተናደድኩ። ንዴቴን ልለቅበት አፌን ስከፍት አክስቴ እጄን ያዘችኝና «ተይው፣ አያውቅም» አለች። ከዚያ እንደቆመች፣ እንቅርቷን በመዳፏ ደገፍ አድርጋ፣ ያንኑ የመሸኛ ዘፈን ለቀቀችው። ቀን ነው፣ ባጃጅ ይጮኻል፣ ሊስትሮዎች ይጣራሉ። ሁለተኛዋን ስንኝ ሳትጨርስ በሩ ላይ ሰው ቆመ። ሻጩ የያዘውን ስልክ ዘጋ።

«እማማ፣ ይደገም» አላት። ይኼን ያለው ለሽያጭ አልነበረም።

ስትደግም መሰላል አምጥቶ ከላይኛው መደርደሪያ አንድ አቧራ የለበሰ ኪቦርድ አወረደ። ያገለገለ ነው፤ ጠርዙ ተፍቋል፣ አንዱ ቁልፍ ትንሽ ተሸርፏል፣ ሪትሙም ከሌላው ሲታይ እዚህ ግባ የማይባል። ግን ለዓረብ ዘፈን ታስቦ የተሠራ ስለሆነ እያንዳንዱን ቁልፍ ለብቻው በጥቂቱ ከፍና ዝቅ ማድረጊያ አለው። «ማንም አይጠይቀውም፤ ስለማያብረቀርቅ ሁለት ዓመት ተቀምጧል» አለኝ።

በዚህ ጊዜ ዓይኔ ተገልጦ ነበርና ሌላውንም በደንብ ፈተንኩት። ቁልፉ እንደ ሕፃን መጫወቻ ያልጠበበ ነው። ጠንከር አድርጌ ስጫነው ይጮኻል፣ ስዳብሰው ይለሰልሳል፤ ይኼ ከሦስት መቶ ሪትም ይበልጣል። ወደ ላፕቶፕ የሚሄደው ገመድ መሰኪያ አልላላም። በባትሪ ድንጋይም ይሠራል፤ መብራት እንደፈለገ በሚሄድበት ከተማ ያለ ባትሪ ኪቦርድ የሚገዛ ሰው ልቡን ይመርምር። በመጨረሻ አክስቴ እየዘፈነች፣ እኔ ቁልፎቹን አንድ በአንድ እያወረድኩና እያነሳሁ፣ ሻጩ ጆሮውን አስጠግቶ «ትንሽ፣ ትንሽ፣ እዚያ ላይ ተይው» እያለ፣ አንቺሆዬን አገኘነው። አክስቴ ዘፈኗን ሳታቋርጥ በአገጯ «እሺ» አለችኝ። ደስታዬ ይኼን ያህል ነው አይባልም።

የቀዳነው በስፌት ክፍሌ ነው። ግድግዳው ሙሉ የተንጠለጠለ ጨርቅ ስለሆነ ድምፅ አያስተጋባም፤ ያለ ምንም ወጪ ስቱዲዮ ነበረኝ ለካ። ከሰዓት በኋላ፣ ሰፈሩ ፀጥ ሲል፣ የስፌት መኪናዬን ወደ ጥግ ገፍቼ እንጀምራለን። ትንፋሿ ያጥራል፤ ሁለት ስንኝ ብላ ታርፋለች። አንድ ቀን የተቀባዮቹን ቦታ ባዶ እንዳይሆን ብዬ በኪቦርድ ሞላሁትና አሰማኋት። አልወደደችውም።

«ማሽን ለእኔ ተቀባይ አይሆነኝም። ለሰው ተይለት» አለች።

ሰረዝኩት። እሷ ባረፈችበት ሁሉ ከሥር ምቱን ብቻ ተውኩና ቦታው ክፍት ሆኖ ቀረ። በአሥራ አንድ ቀን ሰባት ዘፈን ጨረስን። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ሆስፒታል ገባች።

ቀዶ ጥገናው በሰላም አለቀ። ትንፋሿ ተመለሰ፣ እንደ ልቧ ጋደም ብላ ተኛች። ድምፅዋ ግን ሻካራና ወፍራም ሆኖ ወጣ፤ ከፍ ልታደርገው ስትል ይሰበራል። ሐኪሙ በጊዜ ሊሻሻል ይችላል አለ። እሷ «ነፍሴን ካተረፈልኝ ሌላው ትርፍ ነው» ትላለች፤ እኔ ግን ብቻዋን ስትሆን ቀስ ብላ ስትሞክረውና ስትተወው በጆሮዬ ሰምቻለሁ። በጣም አዘንኩ።

ጥር ደረሰ። መንገዱ ሰላም በሆነበት ቀን ኪቦርዱን ትቼ ላፕቶፑን ብቻ ይዤ ወረድኩ። በሠርጉ ዕለት ድንኳኑ ሞልቷል። ሙሽራዋ ልትሄድ ስትነሳ የመሸኛውን ዘፈን ለቀቅኩት። የአክስቴ ድምፅ፣ ያ የጥንቱ፣ ከድምፅ ማጉያው ወጥቶ ድንኳኑን ሞላው። አወረደች፤ አረፈች። ማንም አልተቀበለም። ሰው ሁሉ አንዴ የድምፅ ማጉያውን ሳጥን፣ አንዴ አንገቷን በሻሽ ጠቅልላ ከሙሽራዋ አጠገብ የተቀመጠችውን አክስቴን ያያል። ለሳጥን መቀበል ለካ ሰው ያፍራል፤ ይኼን አላሰብኩበትም። ሁለተኛው ስንኝም በዝምታ አለፈ። ላጠፋው እጄን ዘረጋሁ።

አክስቴ ብድግ አለች። የልጇን እጅ እንደያዘች፣ በዚያ በሻከረ ድምፅዋ፣ ብቻዋን ተቀበለች። «እሰይ ሸጋዬ! እሰይ ሸጋዬ!» አለች፤ እያጨበጨበችም ዞራ ሰዉን አየችው። ከኋላ አንዲት አሮጊት ገባችላት፣ ቀጥሎ ሚዜዎቹ፣ ከዚያ ድንኳኑ በሙሉ። ሙሽራዋ እያለቀሰች ትስቃለች። እስከ በሩ ድረስ፣ እስከ መኪናው ድረስ፣ ያቺ ለሌላ አውራጅ አፏን ከፍታ የማታውቅ አክስቴ ከሁሉም ጋር ተቀበለች።

መኪናው ሄዶ አቧራው ሲያርፍ አጠገቤ መጥታ ቆመች። ዘፈኑ ገና አላለቀም ነበር። ጥቂት አዳመጠችና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

«ይቺ ሴት» አለች፣ «ሸጋ ታወርዳለች እኮ።»