ላልቶ የተነበበው ቃል

ባሌ በኋላ አዲስ አበባ ላይ የቴአትር ደራሲና የሬዲዮ ተናጋሪ ሆኖ ስሙ ሲጠራ፣ ያ ድምፅ የት እንደጀመረ የሚያውቅ ብዙ ሰው አልነበረም። የጀመረው ደብረ ማርቆስ ገበያ ዳር፣ ጣሊያን ግንድ ላይ በሰቀለው ድምፅ ማጉያ ነው።

ደብረ ወርቅ ቅኔ ሲማር ቆይቶ ሳይጨርስ የወጣ ሰው ነበር። ድምፁ ያምራል። ጣሊያኖች አዋጅ የሚያነብላቸው ሲፈልጉ እሱን ጠቆሟቸው። ዱቄትና ጨው ይሰጡን ጀመር። እኔም በላሁ።

ወንድሜ ያን ጊዜ ከአርበኞች ጋር ጮቄ ተራራ ላይ ነበር። አንድ የገበያ ቀን ጠዋት ባሌ ቤት ውስጥ እየተንጎራደደ አዋጁን ሲለማመድ ሰማሁት።

«ዱር ያላችሁ ግቡ። ከእንግዲህ ጣሊያን ይመራል።»

ይመራል ላልቶ ሲነበብ አገር ያስተዳድራል ነው፤ ሲጠብቅ ደግሞ እንደ ሬት ነው፣ አይዋጥም። እሱ አላልቶ ነው ያነበበው። ገበያም ቆሜ ሰማሁት፤ እንዳላላው ነው።

የዚያን ዕለት ቅቤ ልገዛ ጠጋ ስል ሻጯ ቅሏን በነጠላዋ ሸፈነችና «ተሸጧል» አለችኝ። ጎኗ ያለችውም እንዲሁ። እናቴም ከምትኖርበት ከሮብ ገበያ እየመጣች እኔን መጠየቋን ተወች። ከዚያ በኋላ ገበያ የምወጣው ሰው ሲበተን ነበር።

ጣሊያን ለቆ ሲወጣ ወንድሜ ጠመንጃውን እንዳነገተ ቤታችን ገባ። ባሌ ከመደቡ ተነሥቶ ግድግዳውን ተደገፈ። እኔ መሐላቸው ቆምኩ። ወንድሜ ግን ገለል አደረገኝና የባሌን ትከሻ ሳመ።

«ወሬህ ጮቄ ድረስ ደርሶናል» አለው። «ጣሊያን ይመራል ብለህ እዚያው ፊታቸው አጠበቅካት አሉ። ወርቁን አግኝተነዋል።»

ባሌ እኔን አየኝ። ቀጥሎ መሬት መሬት እያየ፣ «ገባችሁ?» አለ።

 እኔም ጠላ ቀዳሁላቸው።

ወሬው ከተማውን አዳረሰ። ያቺ ቅቤ ሻጭ ቅል ሙሉ ቅቤ ይዛ መጣች። ልጇን ጣሊያን የገደለባት ሴት ናት። «እቴ፣ ሳናውቅ አስከፋንሽ፤ ይቅር በይን» ብላ ጉልበቴ ላይ ልትወድቅ ስትል ይዤ አነሣኋትና «ይቅር ለእግዜር» አልኳት። ቅቤውንም ተቀበልኩ። እስከ ዛሬ ፊቴን የሚያቃጥለኝ ይሄ ነው።

ባሌ ነገሩን ቴአትር አደረገው፤ አንድ አዋጅ አንባቢ ቃል አጥብቆ ጠላትን ሲያዋርድ። ሰው ወደደው። አዲስ አበባ ጠሩት፣ ቀጥሎም ሬዲዮ ወሰደው። ከዚያ የጻፋቸው ሌሎቹ ቴአትሮች ከዚያኛው ይሻሉ ነበር፤ ሰው ግን የሚያነሣለት ያንኑ ነው።

አንድ ቀን ቁርስ ላይ፣ «ያን ጊዜ እኮ አላልተሃት ነበር» አልኩት።

«አውቃለሁ» አለኝ። «ለማን ልንገረው? ለወንድምሽ?»

 ወንድሜ በዚያች ቃል የጮቄን ብርድ እንደቻለው ለልጆቹ ያወራ ነበር። ይህንኑ እያወራ ሞተ።

ባሌም ካረፈ ቆይቷል። አልፎ አልፎ የድሮ ንግግሩን በሬዲዮ ያሰማሉ። ድምፁ ሲመጣ ተነሥቼ ወደ ጓሮ እወጣለሁ። ጎረቤቶቼ ሐዘን ይመስላቸዋል።