ያላየሁት ምላስ

ይህን ለባሌ አልነገርኩትም። ለንስሐ አባቴም ሌላ ሌላውን ኃጢአቴን ስናዘዝ ኖሬ እዚህ ላይ ስደርስ ዘልዬዋለሁ። አሁን ለእናንተ የምነግራችሁ ድፍረት አግኝቼ አይደለም፤ ፊታችሁን ስለማላይ ነው። ኦቦ ደሬሳን የበደልኩ እኔ ነኝ።

የጥርስ ሐኪም ነኝ፤ የምሠራው ሰበታ፣ አስፋልቱ ዳር ባለች አንዲት ትንሽ ክሊኒክ ነው። ኦቦ ደሬሳ በዓለም ገና በኩል የሚያርሱ ገበሬ፣ ባገሩ የታወቁ ሽማግሌ ነበሩ። ድንበር ሲገፋ፣ ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ በኦሮምኛም በአማርኛም የሚያስታርቁ እሳቸው ነበሩ። እኔንም ለባሌ የጠየቁኝ እሳቸው ናቸው። አባቴ አሻፈረኝ ብሎ ሲያስቸግር፣ በአንድ ቀልድ አስቀውት ነው እሺ ያሰኙት።

ነገሩ የሆነው የአዲስ አበባው ማስተር ፕላን የገበሬውን መሬት ሊወስድ ነው የሚለው ተቃውሞ በጋለበት ሰሞን ነው። መንገዱ ጠዋት ክፍት ይሆንና ከሰዓት በድንጋይ ይዘጋል፤ ጎማ ይቃጠላል፤ ታክሲ ይጠፋል። ኦቦ ደሬሳ ወጣቶቹን ተረጋጉ፣ ሹሞቹን ደግሞ ስሙን ሲሉ ከስብሰባ ስብሰባ ይዞሩ ነበር። አንድ ቀን ጉንጫቸውን ደግፈው እኔ ዘንድ መጡ። የታች መንጋጋ ጥርሳቸው ተሰብሮ አሟቸዋል። እኛ አገር ሰው ጥርስ ሐኪም ቤት የሚመጣው ሊያስነቅል ነው። ያመመውን በጣቱ ያሳያል፣ ይነቀልለታል፣ ይሄዳል። እንዲሁ ልታይ ብሎ የሚመጣ የለም። እሳቸው ግን ጥርሱን ካሳዩኝ በኋላ አንድ ነገር ጨመሩ።

«ኢንተላ ኮ፣» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው፤ «ምላሴን ከጎኑ አንድ ነገር ይቆረቁረኛል። ብዙም አያምም። ግን ከረመብኝ፣ አልድን አለ።»

ከረመብኝ አሉኝ እኮ! አፍ ውስጥ ወጥቶ ከሁለት ሳምንት በላይ ያልዳነ ቁስል ካንሰር አለመሆኑ መረጋገጥ እንዳለበት ተምሬአለሁ። ምላስን በፋሻ ይዞ ወዲህና ወዲያ ማውጣት፣ ጎኑንና ሥሩን ማየት፣ ጉንጩንና ላንቃውን መመልከት፣ አንገትን መዳበስ ነው። ጥርስ ከመንቀል ያነሰ ጊዜ ነው የሚወስደው። ያመመውን ነገር ባይነግረኝ እንኳ፣ ለአንዲት ጥርስ የመጣ ሰው ሁሉ አፉ እንዲህ መታየት ነበረበት። ይህን አውቅ ነበር። እያወቅሁ ምን አደረግሁ?

«የተሰበረው ጥርስ ስለቱ ነው የሚወጋዎት፤ እሱ ሲነቀል ይድናል» አልኳቸው። ምላሳቸውን ሳላይ።

ለምን አላየሁም? ለብዙ ጊዜ ለራሴ ስሰጠው የኖርኩት ምክንያት አክብሮት ነው። በእኛ ወግ ምላስ ማውጣት የባለጌ ልጅ ሥራ ነው። የዳሩኝን ሽማግሌ «ምላስዎን ያውጡ» ልበላቸው? በጣቴ ይዤ ልጎትተው? አፈርኩ፣ ከበዱኝ እል ነበር። ውሸቴን ነው። ጥርሳቸውን በጉጠት ስነቅል አላፈርኩም። እውነቱ ሌላ ነው። ውጭ ጩኸት ነበር፤ ረዳቴ መንገዱ ሊዘጋ ነው ብላ ቦርሳዬን ይዛልኝ ቆማለች፤ እኔም እግሬ ወደ ቤቴ ሮጧል። ፈራሁ። ያን ቀን ያልፈራ አልነበረም፤ ነገር ግን ኦቦ ደሬሳ የተቀመጡት የእኔ ወንበር ላይ ነበር። ጥርሱን ነቀልኩ፣ ጥጥ አስነከስኳቸው፣ ሸኘኋቸው። ተመልሰው ይምጡ እንኳ አላልኳቸውም።

ይድናል ስላልኳቸው ጠበቁ። አምነውኝ ወራት ጠበቁ። ሲመለሱ ያ አንደበታቸው ይንተባተባል፤ አንገታቸው ላይ እብጠት ወጥቷል። ያኔ ምላሳቸውን በፋሻ ይዤ አወጣሁ። ጎኑ ላይ ዳር ዳሩ የጠጠረ ትልቅ ቁስል አለ። አዲስ አበባ ላክኋቸው፤ ካንሰር ነው ተባለ። ቀደም ብሎ ቢታይ ኖሮ የመዳን ተስፋቸው ሰፊ ነበር አሉ ሐኪሞቹ።

ሚስታቸው አዴ ጫልቱ እኔ ዘንድ መጡ። «ጥርሳቸውን ስትነቅዪላቸው ይሄ ነገር ነበር እንዴ?» ብለው ጠየቁኝ።

«አይቼው ነበር፤ ምንም አልነበረም» አልኳቸው።

አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። የእኔ አላመለጠኝም። አውቄ ነው ያልኩት። ሳላይ አየሁ አልኩ። አለማየቴን በፍርሃት ላሳብብ፤ ይኼኛውን በምን ላሳብበው?

ድምፃቸው ጨርሶ ከጠፋ በኋላ ልጠይቃቸው ሄድኩ። መናገር አልቻሉም፤ እጃቸውን ራሴ ላይ ጭነው ያለ ቃል መረቁኝ። እኔም አሜን አልኩ። እንዴት አሜን እላለሁ? ሲያርፉም በለቅሶው ላይ አዴ ጫልቱ ለመጣው ሰው ሁሉ «እሷ እንኳ አይታቸው ነበር፤ ድንገት ነው የመጣው፣ የዋቃ ሥራ ነው» ይሉ ነበር። ሰዉ አንገቱን ነቀነቀ። የእኔን ጥፋት ለእግዚአብሔር ሰጥቼ እዚያው ድንኳን ውስጥ ተቀመጥኩ።

አሁን የማንንም አፍ ሳላይ አልሸኝም። ቄስ ይሁኑ ሼህ ይሁኑ «ምላስዎን» እላለሁ። ይስቃሉ፣ ያወጣሉ። እስከ ዛሬ የተቆጣኝ አንድም ሽማግሌ የለም። ኦቦ ደሬሳም ስቀው ያወጡልኝ ነበር፤ ምናልባትም ይቀልዱብኝ ነበር። ይህን ሳስብ እብድ እሆናለሁ።

አዴ ጫልቱ በየመኸሩ ከተረፈቻቸው መሬት ጤፍ ያመጡልኛል። «ለባሌ የደከምሽላቸው ልጄ ነሽ» ይሉኛል። ዘንድሮ ሲመጡ እነግራቸዋለሁ ብዬ ቆርጬ ነበር። አስቀመጥኳቸው፣ በሩን ዘጋሁ፣ «አዴ ጫልቱ» አልኩ። «ወዬ» ብለው ቀና ብለው አዩኝ።

«እግዜር ይስጥልኝ» አልኳቸው፤ ጤፉንም ተቀበልኩ።

ከእናንተ ይቅርታ አልለምንም። ይቅር ሊሉኝ የሚችሉት አዴ ጫልቱ ናቸው፤ እሳቸው ደግሞ ይቅር የሚሉት ነገር መኖሩን አያውቁም። ነገ ቤታቸው ሄጄ ሁሉን እናገራለሁ ብዬ ልጨርስ ነበር። ግን እዚህም ልዋሽ?