ጠረጴዛዬ ላይ የነበረው ቁልፍ

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ንስሐ አባቴ ፊት ቀርቤ እንኳ ሌላውን ሁሉ ዘርዝሬ እሱን ዘልዬዋለሁ። ለእናንተ ለመናገር የደፈርኩት ፊቴን ስለማታዩት ይሆናል።

በከተማችን መናኸሪያ የስምሪት ሠራተኛ ነበርኩ። ቀድሞ ተሳፋሪው ገበያው ጥግ ጭቃ ላይ ቆሞ ነበር መኪና የሚጠብቀው። በኋላ ወደ ደጀን መውጫ ላይ አዲስ መናኸሪያ ተሠራልን፤ የቲኬት መስኮት፣ የውሃ ቧንቧ፣ መጸዳጃ ቤት ያለው። ከሁሉ የሚያምረው አግዳሚ ወንበር የተደረደረበት የተሳፋሪ ማረፊያ አዳራሽ ነበር። እስኪመረቅ ድረስ ተቆልፎ እንዲቆይ ታዘዘ።

በምረቃው ዋዜማ የጽዳት ሠራተኛችን እትዬ የሺ ወለሉን ወልውለው፣ ቆልፈው፣ እኔን ቢያጡኝ ቁልፉን ጠረጴዛዬ ላይ ትተውት ሄዱ። ስመለስ አግኝቼ ኪሴ ከተትኩት። እኔ ነኝ የከተትኩት።

ሐምሌ ነበር። በዚያው ዕለት ከቀትር በኋላ አራት ገበሬዎች በቃሬዛ በሽተኛ ተሸክመው መጡ፤ ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ሊያደርሱት ነው። ዝናቡ ከበረዶ ጋር ይወርዳል። ሚስቱ ነጠላዋን እሱ ላይ ጥላ እኔ ዘንድ ሮጠች።

«ጋሼ፣ በማርያም! መኪናው እስኪመጣ ከውስጥ ይረፍልኝ።»

«ቁልፉ እኔ ጋ የለም» አልኳት።

ለምን? የተወለወለው ወለል ታየኝ፤ በእግራቸው ላይ ያለው ጭቃ ታየኝ። ሰውየው አልታየኝም። ከጣሪያው ጠርዝ ሥር አስቀመጡት። አውቶብሱ ሲደርስ ሞቶ ነበር። ቢገባ ይተርፍ ነበር ወይ? አላውቅም። ስንት ዓመት በዚህ «አላውቅም» ተሸሽጌ ኖርኩ!

ሰው አጉረመረመ፤ ኃላፊዎች ስብሰባ ጠሩ። ቁልፉን አላገኘሁትም አልኩ። እትዬ የሺ አንገታቸውን ደፍተው፣ «እጁ ላይ መስጠት ነበረብኝ፤ ሰው አነሣው መሰለኝ» አሉ። እኔስ ምን አደረግሁ? ተነሥቼ፣ «የልጆች እናት ናቸው፣ ይማሯቸው» ብዬ ለመንኩላቸው። ለራሴ ጥፋት እሳቸውን ማሩልኝ አልኩ! አልማሯቸውም፤ ከሥራ ተባረሩ። ቁልፉን ያን ዕለት ማታ መጸዳጃ ጉድጓድ ውስጥ ጣልኩት።

ባለፈው ዓመት ወደ አዲስ አበባ ስሄድ አውቶብሱ ደጀን ቆመ። እትዬ የሺ መንገድ ዳር እሸት በቆሎ እየጠበሱ ይሸጣሉ። አርጅተዋል። ሲያዩኝ እጄን በሁለት እጃቸው ያዙኝ።

«ያን ቀን የተከራከርክልኝ አንተ ብቻ ነህ፤ እግዜር ይስጥህ» አሉኝ። ቀጥለውም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ለሰውየው ነፍስ በየዓመቱ ተዝካር አወጣለሁ። በእኔ መዘንጋት ነው የሞተው» አሉ።

ሾፌሩ ጥሩንባ ነፋ። የሰጡኝን እሸት ተቀብዬ ተሳፈርኩ።

ፈርቼ ነው ብዬ አላመካኝም። እናንተንም ይቅር በሉኝ አልልም፤ ይቅርታው የእሳቸው ነው። እሳቸው ደግሞ ዛሬም ራሳቸውን ነፍሰ ገዳይ አድርገው እየቆጠሩ ነው፤ እኔ ዝም ስላልኩ።