ማክሰኞ ማክሰኞ እስረኛ
ዘመናይ በእስራኤል የቂርያት ማላኪ ከተማ ሰው ናት። በአቅራቢያዋ ቤኤር ቱቪያ ባለ ፋብሪካ ውስጥ ሃያ ዓመት ዕቃ ስታሽግ ኖራ ጡረታ ወጣች። አሁን ማክሰኞ ማክሰኞ ያቭነ ከተማ እየሄደች፣ ለእስረኞች ነፃ የሕግ ምክር ሊሰጡ የሚሠለጥኑ ተማሪዎችን እስረኛ መስላ ታለማምዳለች።

የዛሬዋ ተማሪ ኖያ ነገ እውነተኛ እስረኛ ታነጋግራለች። ይግባኝ መጠየቅን ወይም መተውን የሚያስመርጠውን ቅጽ ለዘመናይ በጥድፊያ አነበበችላትና፣ "ገባዎት፣ እማማ?" አለች።

ዘመናይ አቀርቅራ በዕብራይስጥ እሺ ለማለት "ቤሰደር" አለችና ፈረመች።

"ያላ፣ በቃ፣ ጨረስን!"

"ጨረስሽኝ በይ እንጂ! ይግባኜን ትቻለሁ ብዬ እኮ ነው የፈረምሁ።"

ተማሪዎቹ ሳቁ። ዘመናይ ግን አልሳቀችም።

"ቢረሳው የሚባል ወንድሜ እንዲህ ነው የፈረመ። የተማረ ሰው ፊት አልገባኝም ማለት ነውር መስሎት፣ ሦስት ዓመት ታሰረ። የነገው ሰውዬም ቤሰደር ይልሻል።"

ኖያ ደንግጣ ቅጹን ቀደደችው። ወንበሯን ወደ ዘመናይ አስጠጋችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "እኔ ስቸኩል ሰው ግራ አጋባለሁ። የቱ ጋ እንዳስቸገርሁዎት ይንገሩኝ፤ ከዚያው እጀምራለሁ" አለች።

ዘመናይ ወንድሟን ሆና እንደገና አቀረቀረች።

"ከመጀመሪያውም አልገባኝ፣ ልጄ" አለች ቀና ብላ።