ባዶዋ የባለጉዳይ ወንበር

በአሜሪካዋ ኧርቪንግ ከተማ የቤት ጋራዥ መኪና ይቆምበታል፣ አሮጌ ሶፋ ይጣልበታል። አቶ ላክሽማያ ግን ደጅ ያስጠኑበት ነበር፤ ደጅ ጠኚ ቢገኝ። ጠዋት ጠዋት በሩን ከፍተው፣ ነጭ በነጭ ለብሰው በአንዷ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ይሰየማሉ። ሁለተኛዋን ፊት ለፊታቸው ያኖሯታል። የባለጉዳይ ናት።

ደቡብ ሕንድ ሳሉ፣ የግዛታቸው ምክር ቤት አባል በነበሩባቸው ሦስት የምርጫ ዘመናት፣ ገና ሳይነጋ ግቢያቸው በሰው ይሞላ ነበር። አንዱ ጉድጓዱ ደርቆበት፣ ሌላዋ ልጇ ታስሮባት። «በዓይኔ ሳላይ አልፈርምም» ባይ ስለነበሩ፣ የተሰበረ ድልድይ ለማየት ጭቃ አቋርጠው በእግራቸው ይሄዳሉ። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባላል፤ እሳቸው አልበሉም፣ እሱም አልቆጫቸውም። በአራተኛው ምርጫ ተሸነፉ፣ ሚስታቸው ሞተች፣ ልጃቸው ኪራን አሜሪካ አመጣቸው። የቆጫቸው የደጃቸው ጭር ማለት ነው።

ኪራን የቀጠራት አበዛሽ ቀን ቀን ትንከባከባቸዋለች። ከምትኖርበት ከሜስኪት በመኪናዋ ትመላለሳለች፤ ደጃፋቸው የባለጉዳይ መግቢያ ነው ስለሚሉ ግን ጥጉን ዞራ ነው ፓርክ የምታደርገው። ኪራን እሷ ሳትደርስ ወጥቶ፣ ከሄደች በኋላ ስለሚገባ መኪናዋን አይቷት አያውቅም። ያቺ ባዶ ወንበር አንጀቷን ትበላዋለች። ቤቷ ገብታ ለባሏ ለይገዙ ነገረችው።

«ሶ፣ ሰውየው የቸገራቸው ኮምፕሌይን የሚያቀርብ ሰው ነው?» ብሎ ሳቀ። «ኦኬ፣ አንቺው ፋይል አድርጊላቸዋ!»

ለቀልድ ነበር ያለው። እሷ ግን በማግስቱ ነጠላዋን አጣፍታ ጋራዡ በር ላይ ቆመች።

«አባባ፣ አቤት ልል መጥቻለሁ።»

ሽማግሌው ቀና አሉ። «ተቀመጪ፣ ልጄ።»

የመጣላትን ተናገረች። «መንገዱ ጫፍ ያለው የአውቶቡስ ፌርማታ መቀመጫ የለውም፤ ጥላም የለውም። ጠዋት ማታ ስቆም እግሬ አለቀ።»

ፌርማታውን በመኪና ስታልፍ ከማየት በቀር አታውቀውም። እሳቸው ግን ጠየቋት፤ አሮጊቶች ይቆማሉ? ነፍሰ ጡርስ? አዎ፣ አዎ አለች። ያን ቀን ምሳቸውን ጥርግ አድርገው በሉ። አበዛሽ ደግ ሠራሁ ብላ እየዘመረች ተመለሰች።

በነጋታው የእረፍት ቀኗ ነበር። አቶ ላክሽማያ በዚያ አገር በሚያቃጥለው የነሐሴ ፀሐይ ባዶ ራሳቸውን፣ በእግራቸው፣ ፌርማታውን በዓይናቸው ሊያዩ ወጡ። መኪናው ይነጉዳል፤ ቆሞ «ምን ሆኑ?» ያላቸው የለም። እግራቸው ሲከዳቸው አረፍ የሚሉበት አልነበረም። እዚያው ሣሩ ላይ ወደቁ። አቤቱታዋ ውሸት ነበር፤ የመቀመጫው መጥፋት ግን እውነት ነው።

ለቅሶ ልትደርስ ስትሄድ ኪራን እጇን ይዞ አለቀሰ።

«አባቴ ከፌርማታው ሆኖ ደወለልኝ። "ልጅቷ እውነቷን ነው፤ የሚቀመጡበት ድንጋይ እንኳ የለም" አለኝ። ድምፁ የድሮው ድምፁ ነበር፣ አበዛሽ። እዚህ ከመጣ እንዲያ ሲደሰት ሰምቼው አላውቅም። እግዜር ይስጥሽ።»

ልትነግረው አፏን ከፈተች። ዓይኖቹን አየችና «ነፍስ ይማር» አለች። ለመሄድ ስትነሳ ኪራንም ተነሳ።

«ዛሬስ አውቶቡስ ስትጠብቂ አትቆሚም» አላት፤ «እኔ አደርስሻለሁ።»

ጥጉን ዞራ ያቆመቻት መኪና ቁልፍ መዳፏ ውስጥ ነበር። ጨበጠችውና ተከትላው ወጣች። በፌርማታው በኩል ሲያልፉ ኪራን መኪናውን ቀስ አደረገ፤ አበዛሽ ቀና ብላ ማየት አልቻለችም።